የአሚኔ የመጀመሪያ አልበምና ሁለቱ ዳኞቹ

«ጉድ ፎር ዩ» የራፐሩ የአሚኔ የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበም ነው። ሪፐብሊክ ሬከርድስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ሐምሌ 21 ቀን 2009 ዓ.ም. ለገበያ አወጣው። አርቲስቱ አዳም አሚኔ ዳንኤል ሚያዝያ 10 ቀን 1986 ዓ.ም. በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ተወለደ፤ ወላጆቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ስደተኞች ናቸው። 15 ዘፈኖች ያሉት ይህ አልበም በቢልቦርድ የ200 አልበሞች ሰንጠረዥ እስከ 31ኛ ደረጃ ወጥቷል። ለጀማሪ የሚያስከፋ ውጤት አይደለም። የአልበሙን ታሪክ ይበልጥ የሚያሳየው ግን ሰዎች የሰጡት ፍርድ ነው። የአሜሪካ ሐያስያንና የወላጆቹ አገር ሰዎች በየራሳቸው ቁና ሰፈሩት፤ ሁለቱም ቁናዎች አልበሙ ከመሰማቱ በፊት የተዘጋጁ ነበሩ።

የሐያስያኑ ቁና «ካሮላይን» ነበር። በ2008 ዓ.ም. የወጣው ይህ ነጠላ ዘፈን በአሜሪካ የ100 ዘፈኖች ሰንጠረዥ 11ኛ ደረጃ ድረስ ደረሰ። የቪዲዮው ዳይሬክተርም ራሱ አሚኔ ነበር፤ ቢጫ ቀለም፣ ሙዝ፣ ጓደኛሞች የታጨቁበት መኪና ከስሙ ጋር ተጣበቁ። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ዶናልድ ትራምፕ በተመረጡ ሰሞን በጂሚ ፋለን የምሽት ፕሮግራም ቀርቦ ይህንኑ ዘፈን ሲጫወት፣ መጨረሻው ላይ አዲሱን ተመራጭ የሚቃወም ስንኝ ጨመረ። ያን ምሽት የተመለከቱ ሰዎች ቧልተኛው ልጅ ቁም ነገር እንዳለውም አዩ። ከወራት በኋላ አልበሙ ሲመጣ ጥያቄው አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር፤ ይህ ልጅ የአንድ ዘፈን ሰው ነው ወይስ ሌላም አለው?

ባብዛኛው የተሰጠው መልስ በጎ ነበር። ሐያስያን የአልበሙን ፈገግታ፣ ለዜማ ያለውን ጆሮና የድምፁን ጥራት አወደሱ። ከቻንስ ዘ ራፐርና ከካንዬ ዌስት ቀደምት ሥራዎች ጋር ያስተያዩትም ነበሩ። ታይ ዶላ ሳይን፣ ኦፍሴት፣ ኬላኒ፣ ኔሊና አንጋፋው ቻርሊ ዊልሰን በእንግድነት መሳተፋቸው ወጣቱ በሙያው ሰዎች ዘንድ ቦታ እንዳገኘ ተቆጠረለት። ነቀፋው ከዚያው ከሙገሳው የተቀዳ ነበር፤ ቀልዱ አንዳንዴ የልጅ ቀልድ ነው፣ ስንኙም ሊጠልቅ ሲል ወደ ሳቅ ይሸሻል ተባለ። የሽፋኑ ሥዕል ይህን ክርክር አባባሰው። አሚኔ ራቁቱን መጸዳጃ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። አድናቂዎቹ ራሱን የማይኮፍስ አርቲስት አዩበት፤ ሌሎች የዕይታ መሳቢያ ብቻ ነው አሉ።

ከቧልቱ ጀርባ ያለውን ቁም ነገር ለማየት አሚኔ የተወለደበትን ከተማ ማወቅ ይረዳል። የኦሪገን ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1857 ያጸደቀው ሕገ መንግሥት ጥቁሮች በግዛቱ እንዳይሰፍሩ ይከለክል ነበር፤ አንቀጹ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመርከብ ሥራ የመጡ ጥቁር ሠራተኞች ቫንፖርት በተባለ የሠራተኞች ከተማ ሰፈሩ፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1948 የኮሎምቢያ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ጠራርጎ ወሰደው። ከጎርፉ የተረፉት ጥቁሮች አብዛኞቹ አልቢና በተባለው ሰፈር ተጠጋጉ። ያም ሰፈር ቆይቶ ለስታዲየም፣ ለአውራ ጎዳናና ለሆስፒታል ማስፋፊያ ፈረሰ። በመጨረሻም የቤት ኪራይ ንረት የቀሩትን ነዋሪዎች ገፋ። አሚኔ ያደገው አልቢና በሚገኝበት አካባቢ፣ በሰሜን ምሥራቅ ፖርትላንድ ነው። በአልበሙ ውስጥ «ተርፍ» የተሰኘው ዘፈን የሚናገረው ስለ ሰፈሩ መለወጥ ነው። ልጁ ቁም ነገር የለውም ያለ አድማጭ ይህን ዘፈን አልፎት መሄዱ ነው።

ሁለተኛው ዳኛ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ማኅበረሰብ ነው። እዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጁ የማን ነው?» የሚል ነበር። አጠያያቂው ሙዚቃው ሳይሆን የዘር ሐረጉ ሆነ፤ ስሙ ሲጠራ ደስታው ይቀድማል፣ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ማዳመጥ ይዘገያል። ይህ የሚያስገርም አይደለም። በደርግ ዘመን ከጎንደር ክፍለ ሀገር ብዙ ሰው በመተማና በሁመራ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደደ። በ1972 ዓ.ም. የጸደቀው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግም ከሱዳን መጠለያዎች ወደ አሜሪካ ለመሻገር መንገድ ከፈተ። ስለዚህ በዚያው በጎንደር በዳባት፣ በደባርቅ ወይም በአዲ አርቃይ አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። በዚያ የተወለደ ልጅ ሲሳካለት ድሉ የቤተሰብ ድል ይመስላል፤ ሙዚቃውን መንቀፍም የቤት ልጅን በአደባባይ እንደመንቀፍ ይታያል። በዚህ ምክንያት ሙገሳው ብዙ፣ ሒሱ ጥቂት ሆነ።

በአገር ውስጥ ራፕን የሚገጥመው ጥያቄ የተለየ ነው። ቴዲ ዮ በ«ጉራጌ ቶን»፣ ኋላም ልጅ ሚካኤልና ካስማሰ ብቅ ሲሉ የብዙ ሽማግሌዎች ክስ «ይህ ዘፈን ነው ወይስ ንግግር?» የሚል ነበር። ለሰሜን ተራሮች ግርጌ ሰው ግን በዜማና በንግግር መካከል የሚቆም ጥበብ እንግዳ አይደለም። ሽለላውና ቀረርቶው፣ በተለይም ፉከራው፣ ቃልን በምት ላይ ማሽከርከር ነው። የጎንደር አዝማሪም ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ አድማጩ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኝ ይወረውራል፣ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ያልጣመው ሽልማቱን ይነፍጋል፤ የጣመው ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ፍርዱ እዚያው፣ ፊት ለፊት ይሰጣል።

ፉከራ ሌላም ሕግ አለው። የሚፎክር ሰው ያደረገውን ይቆጥራል፤ ያላደረገውን ከቆጠረ በአካባቢው ሰው ዘንድ መሳቂያ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ ብሮንክስ ሰፈር ከተጀመረው ሂፕ ሆፕ ጋር የሚያገናኘው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ እዚያም «ያልኖርከውን አትናገር» የሚል ያልተጻፈ ሕግ አለ። አሚኔ በዚህ ሕግ ይለካ ከተባለ ይወጣዋል። ያላየውን ጠብ አያወራም፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሰፈሩና ስለ ራሱ ፍርሃት ይናገራል፤ ሲፎክርም በራሱ ላይ ይስቃል።

ከአሚኔ ጋር የሚነጻጸረው የኤርትራዊ አባት ልጅ የሆነው ራፐር ኒፕሲ ሃስል ነው። «ቪክቶሪ ላፕ» የተሰኘው የመጀመሪያ የስቱዲዮ አልበሙ የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲወጣ በቢልቦርድ የ200 አልበሞች ሰንጠረዥ 4ኛ ደረጃ ይዞ ጀመረ፤ ለግራሚም ታጨ። ኒፕሲ አልበሙን ያወጣው ለዓመታት ሚክስቴፕ የሚባሉ የዘፈን ስብስቦች ሲያሰራጭ ከቆየ በኋላ ስለነበር ሐያስያን የተቀበሉት እንደ በሰለ ሰው ነበር። መጋቢት 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ በጥይት ሲገደል አልበሙ ወደ 2ኛ ደረጃ ወጣ። አንዱ በቧልቱ ቀለለ ተባለ፤ ሌላው በሕይወቱና በሞቱ ከበደ። የሙዚቃቸው ድርሻ በሁለቱም ፍርድ ውስጥ ከሚገባው ያነሰ ነው።

የሁለቱ ዳኞች ፍርድ ውጤት በአጭሩ ይህ ነው። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የወጣው የአሚኔ ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም «ሊምቦ» ከመጀመሪያው የላቀ ደረጃ አገኘ፤ ሐያስያንም አርቲስቱ በሰለ አሉ። በአማርኛ ግን አልበምን ዘፈን በዘፈን የሚመረምር ጽሑፍ ዛሬም ጥቂት ነው፤ ከአልበሙ ይልቅ የአርቲስቱ የግል ሕይወት ይጻፋል። በዳባት ወይም በአዲ አርቃይ በፍላሽ ሙዚቃ የሚያስጭን ወጣት የሚመርጠው በጓደኛው ምክር ነው፤ ያ ምክር መጥፎ ባይሆንም ብቻውን አይበቃም።

«ልጁ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ራሱ አሚኔ ምላሽ ሰጥቷል። ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ያወጣውን አልበም «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው፣ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለኢትዮጵያ ቱሪዝም ባስተዋወቁት መፈክር ሰይሞታል። የማንነቱ ጥያቄ በዚህ ከተዘጋ፣ ለአድማጩ የሚቀረው ሥራ «ጉድ ፎር ዩ»ን ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ 15ኛው ሰምቶ የራሱን ፍርድ መስጠት ነው።