ዘይትና ውኃን የሚያስታርቁ ባለሁለት ገጽ ቅንጣቶች

አዲስ አበባ፦ ከመርካቶ የተገዛ የኑግ ዘይት ከውኃ ጋር በጠርሙስ ውስጥ ቢናጥ ለጥቂት ጊዜ የተዋሐደ ይመስላል። ጠርሙሱ ሲቀመጥ ግን ብዙም ሳይቆይ ዘይቱ ከላይ፣ ውኃው ከታች ሆነው ይለያያሉ።

አንዱ ፈሳሽ በሌላው ውስጥ በጥቃቅን ጠብታዎች የተበተነበት ድብልቅ ኢሙልሽን ይባላል። ወተት አንዱ ነው፤ በመርካቶ መደብሮች የሚሸጠው የቆዳ ሎሽንም እንዲሁ። ውኃ ሲጨመርባቸው እንደ ወተት የሚነጡ ዘይት መሰል ፀረ ተባዮችም ከዚሁ ይመደባሉ። የመርጫው ድብልቅ ከተለያየ የማሳው ክፍል እኩል መድኃኒት አያገኝም፤ በአንዱ በኩል ተባዩ ይተርፋል፣ በሌላው በኩል ሰብሉ ሊቃጠል ይችላል።

እስካሁን ይህን መለያየት በአብዛኛው የሚያዘገዩት ሳሙና መሰል ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶች ጠብታዎችን ከበው እንዳይቀላቀሉ እንደሚያደርጉ ታውቋል። ከእነዚህ አንዱ የአሸዋ ዋነኛ ንጥረ ነገር የሆነው ሲሊካ ነው።

ሲሊካ በተፈጥሮው ውኃ ወዳድ ነው። ተመራማሪዎች ግን አንዱ ገጹ ውኃን፣ ሌላው ዘይትን እንዲወድ ማድረግ ችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነው ዘዴ የሚጠቀመው ሰምን ነው። የቀለጠ ሰም በውኃ ውስጥ ከቅንጣቶቹ ጋር ይናጣል፤ ቅንጣቶቹም በሰሙ ጠብታዎች ዙሪያ ይሰፍራሉ። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ግማሽ አካላቸው ተቀብሮ ይቀራል። ከውጭ የቀረው ገጽ ብቻ በኬሚካል ይለወጣል፤ በመጨረሻም ሰሙ ሟሙቶ ይወገዳል።

እንዲህ ያለው ቅንጣት የሁለቱንም ወገን ቋንቋ እንደሚያውቅ ሽማግሌ በድንበሩ ላይ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ስሌት፣ አንድ ዓይነት ገጽ ካለው ቅንጣት ይልቅ እስከ ሦስት እጥፍ በሚደርስ ጥንካሬ ድንበሩን እንደሚይዝ አሳይቷል።

ሆኖም ቅንጣቶቹን በብዛትና በርካሽ ማምረት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ አርሶ አደሩ የመድኃኒቱን ዕቃ ከመክፈቱ በፊት በሚገባ ሊነቀንቀው፣ የበጠበጠውን ሳያሳድር ሊረጨው፣ በመርጨት ላይ ሳለም መርጫውን በየጊዜው ሊያናውጠው ይገባል። ተበጥብጦም የሚለያይ ከሆነ ወደ ማሳ ከመግባቱ በፊት የግብርና ባለሙያ ማማከር ይበጃል።