የቤተ ክርስቲያን ደንና የከብት ኮቴ

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከአምባ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ በታረሰው ምድር መካከል እዚህም እዚያም አረንጓዴ ነጥቦችን ያያል። ቀረብ ሲል በዛፎቹ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታየዋል። አባቶቻችን ዐፀዱን በቅድስና ስለ ጠበቁት ከአካባቢው የጠፉት ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ሎል ዛሬም በዚያ ይገኛሉ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበዋል።

ይሁን እንጂ ቀና ብለን ስናደንቅ ወደ መሬት መመልከትን እንዘነጋለን። በብዙዎቹ ደኖች ከታላላቆቹ ዛፎች ሥር ተተኪ ችግኝ እምብዛም አይታይም፤ ሽማግሌዎች ብቻ ቀርተው ሕፃን የማይወለድበት መንደር ይመስላሉ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም ዋነኛው ለግጦሽ የሚገባው ከብት ነው። ከብቱ የበቀለውን ይበላል፤ ያልበላውን ይረግጣል፤ ኮቴው አፈሩን ስለሚያጠብቀው የወደቀው ዘር ሥር መስደድ ይሳነዋል። በታጠረና ባልታጠረ ቦታ ዘር ተዘርቶ በተነጻጸረበት ጊዜ፣ በታጠረው ውስጥ የበቀለውና በሕይወት የቆየው ችግኝ እንደሚበልጥ ታይቷል።

ታዲያ ትልልቅ እንስሳት የዕፅዋት ጠላቶች ናቸውን? አይደሉም። ዝሆን ቅርንጫፍ ሰብሮ ለብርሃን መንገድ ይከፍታል፤ የዋጠውን ዘርም ርቆ ሄዶ ከፋንድያው ጋር ይጥለዋል። የነፋስ፣ የእሳትና የግጦሽ ጉዳትም በመጠኑና በጊዜው ሲሆን ለብዙ ዕፅዋት የሕይወት በር ነው። ጽድ ራሱ ብርሃን ወዳድ በመሆኑ ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር በቀላሉ አያድግም፤ አንድ አሮጌ ዛፍ ሲወድቅ የሚከፈተው ቦታ ይጠቅመዋል።

ይህን የሚያስረዳ ታሪክ ከእኛው መከራ ይጀምራል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከጣልያኖች ጋር በምጽዋ በኩል በመጡ ከብቶች እንደ ገባ የሚነገርለት የከብት ወረርሽኝ (ስሙ ደስታ መባሉ ይገርማል) የአገሪቱን አብዛኛውን የቀንድ ከብት ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ ያም ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። በሽታው ግን በዚህ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወርዶ በዛሬዋ ታንዛኒያ የሴሬንጌቲን ጎሽና የቆርኬ ዘመድ የሆነውን ዊልደቢስት አመነመነ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዙሪያው ያሉ ከብቶች ክትባት ሲያገኙ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 300 ሺህ እንኳ የማይሞላው ዊልደቢስት በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ሣሩን ስለ ጋጠው በየዓመቱ ሜዳውን ይበላ የነበረው ሰደድ እሳት ቀነሰ፤ እሳቱ ሲቀንስም ዛፎች ተመለሱ። ለከብት የተሰጠ ክትባት ደን አበቀለ ማለት ነው! በ2011 እ.ኤ.አ. ደስታ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

በሴሬንጌቲ ግጦሽ ዛፍን ሲያድን፣ በእኛ ዐፀድ ዛፍን ያመክናል። ልዩነቱ በስፋቱና በዕረፍቱ ላይ ነው። ዊልደቢስት ዝናብን ተከትሎ በሰፊ ምድር ይዞራል፤ የረገጠው ቦታ እስኪመለስ ድረስ ያገግማል። ጥቂት ሄክታር በሆነ ደን ውስጥ ክረምት ከበጋ የሚመላለስ መንጋ ግን ለችግኙ ፋታ አይሰጠውም።

ዕረፍት መስጠትን አባቶቻችን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። በመንዝ የጓሳ ምድር በቀሮ ሥርዓት ለብዙ ዓመታት ይዘጋና ሣሩ ሲበስል በበጋ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈት ነበር፤ የሚዘጋውም ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ነበር። ዛሬ ጓሳ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ሆኖ የቆየው አንድም በዚህ ነው። ዘመናዊው የጥበቃ ዕቅድ ደክሞ የሚደርስበትን ሥርዓት ገበሬው በበዓላት አቆጣጠር አስሮ ይዞት ነበር።

ለየአጥቢያችን ከዚህ የሚወሰደው ምንድን ነው? በደቡብ ጎንደር በዶክተር ዓለማየሁና በአሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ባለሙያ በዶክተር ማርጋሬት ሎውማን ጥረት የተደገፉ አጥቢያዎች ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ ለደኑ ቅጥር አውለውታል፤ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ። ይህን እጅግ እንደግፋለን። ነገር ግን ቅጥሩ በዛፎቹ ግንድ ላይ ተለጥፎ ከተሠራ ደኑ ባለበት ይቀራል፤ ጥቂት ወጣ ብሎ ቢሠራ ለሚመጣው ትውልድ ዛፍ ቦታ ይተርፋል። ቅጥር ከተሠራ በኋላም «ለጽዳት» ተብሎ ከዛፎች ሥር ያለው ቡቃያ ሁሉ ቢመነጠር፣ ከብቱ ይሠራ የነበረውን ማጭድ ይሠራዋል። የወደቀ ዛፍ ባለበት ባሕር ዛፍ ለመትከል መቸኮልም ተገቢ አይደለም፤ ያ ክፍት ቦታ ጽዱ ይጠብቀው የነበረው ነው። ለዓመታዊው ንግሥ የሚመጡ የጭነት እንስሳት ከቅጥሩ ውጭ የሚታሰሩበትን ስፍራ ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ቢያዘጋጅ፣ የበሩንም ቁልፍ የሚይዝ ሰው ቢመድብ፣ ሥራው ከዚህ ክረምት ሊጀመር ይችላል።