ሊጡ ለምን ኩፍ አላለም? የቤት ዳቦ በአቃቂ ቃሊቲ
ቡሄ ሲቃረብና እንቁጣጣሽ ሲከተል፣ በአቃቂ ቃሊቲ ግቢዎች ዳቦ የሚጋግሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠያየቁት ይህንኑ ነው። በነሐሴ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ እንዳሳየው እርሾ ሕይወት አለው፤ ከዱቄቱ የሚገኘውን ስኳር እየበላ የሚያወጣው ጋዝ ነው ሊጡን የሚነፋው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ላይ ይፈጥናል፣ በክረምት ወጥ ቤት ውስጥ ግን ይጓተታል። መጓተት መሞት አይደለምና እርሾ መደረብ አያስፈልግም፤ ሽታው ዳቦው ላይ ይቀራል። ለብ ባለ ውኃ አቡክቶ፣ በጋቢ ሸፍኖ መታገሥ ይበቃል። እርሾን የሚገድለው የፈላ ወይም ወደ 60 ዲግሪ የተጠጋ ውኃ ነው፤ ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ቢጠብቁት ሊጡ አይነሣም።

በበጋ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦማ ከ3,000 ያልፋል። የአየሩ ግፊት በአቃቂ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ጋዙ ሊጡን በቀላሉ ይለጥጠዋል። በእርሾው እሽግ ላይ የተጻፈው ሰዓት ይህን ከፍታ አያውቅም። ሞቅ ባለ ቀን ሊጡ ቀድሞ ይነሣና ምጣድ ላይ ሲደርስ ይተኛል፣ ድፎው መሐሉ ሰርጎድ ይላል። ስለዚህ በበጋ እርሾውን በሩብ መቀነስ፣ ከሰዓቱ ይልቅም ሊጡን ማየት ይሻላል። በጣት ጫን ሲያደርጉት ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ በግማሽ ከተመለሰ ደርሷል፤ እንዳለ ከቀረ አልፎበታል።

ስለ ዱቄት የሚነሣውም ጥያቄ የአካባቢው ነው። በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው አድአ በጤፍና በዱረም ስንዴ የታወቀ ነው፤ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልም በዱረም ላይ ለረጅም ዘመን ሠርቷል። ዱረም ለፓስታ ግሩም ነው፣ ሊጡ ግን እንደ ዳቦ ስንዴ አይለጠጥምና ዳቦው ይደድራል። ከነገለባው በወፍጮ ቤት የተፈጨ ስንዴም ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ እኩል ከፉርኖ ዱቄት ጋር ቢደባለቅ ጣዕሙ ሳይጠፋ ልስላሴ ያገኛል። ለ1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት ከ600 እስከ 650 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 20 ግራም ጨውና እስከ 10 ግራም ደረቅ እርሾ ጥሩ መነሻ ነው። ጥቁር አዝሙዱና ድንብላሉ እንደየቤቱ ነው።

የኮባ ቅጠል ዛሬም ምትክ የለውም ብዬ አምናለሁ። ከሥርም ከላይም ሲነጠፍ ሊጡ ከምጣዱ አይጣበቅም፤ እንፋሎቱን ስለሚይዝም ቅርፊቱ ሳይደርቅ ውስጡ ይበስላል። በከሰል ሲጋገር እሳቱ ከላይም ከታችም ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ሙቀቱ ከሥር ብቻ ስለሆነ ድፎው መገልበጥ አለበት። መገልበጫው ጊዜ ጠርዙ ጠንክሮ የላይኛው ፊት ማጣበቁን ሲተው ነው። ታችኛውን በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ በስሏል።

መብራት ቢጠፋስ? ሊጡ ገና በሳፋ ውስጥ ከሆነ አንድ ጊዜ መትቶ ጋዙን ማስወጣትና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው፤ መብራት ሲመጣ ተድቦልቡሎ ዳግም ኩፍ ይላል። ምጣድ ላይ ከዋለ በኋላ ከሆነ ክዳኑን መክፈት አይገባም፤ ምጣዱ የያዘው ሙቀት ከሰሉ እስኪቀጣጠል ያቆየዋል።