የጉሮሮ ካንሰር፦ ዕድሜም ድምፅም እንዲተርፍ



ለእረፍት ወደ ሐርቡ ስንወርድ የአንድ አባት ድምፅ ከሰለለ ወራት እንዳለፈው እንሰማ ይሆናል። «ብርድ ነው» ተብሎ ጥቁር አዝሙድ በማር ይሰጣቸዋል። ብዙ ጊዜም እውነት ብርድ ነው። ሦስት ሳምንት ያለፈው መጎርነን ግን፣ በተለይ በሚያጨስ ሰው ላይ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ካንሰሩ የሚይዘው ማንቁርትን ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። በእርሱ እንናገራለን፣ እንተነፍሳለን፤ ስንውጥም ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ይዘጋልናል። እ.ኤ.አ. በ1873 ቢልሮት የተባለ ሐኪም ቪየና ላይ የታመመ ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ ቆርጦ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በሽታው ለገፋበት ሰው ዋናው ሕክምና ለረጅም ዘመን ይኸው ነበር። ታማሚው ይድናል፤ ግን አንገቱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ይተነፍሳል፣ የተፈጥሮ ድምፁንም ያጣል። ለሙአዚን ወይም ለቁርኣን አስተማሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ በ332 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን ልማድ ለወጠው። ገሚሶቹ ማንቁርታቸው ወጥቶ ጨረር ተሰጣቸው፤ ገሚሶቹ በኬሞቴራፒ ጀምረው ወደ ጨረር ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን 68 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ በሁለተኛው ወገን ደግሞ 64 በመቶዎቹ ማንቁርታቸው ተርፎላቸዋል።

ይሁንና ማንቁርት ተረፈ ማለት ሥራውም ተረፈ ማለት አይደለም። ጨረር ጉሮሮን ሊያደርቅና ሊያጠነክር፣ ምግብም ወደ ሳንባ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል። አስቀድሞ ማንቁርቱ በጣም ለተጎዳ ሰው ቀዶ ሕክምናው ይሻላል፤ ድምፁንም በንዝረት መሣሪያ ወይም በምትገባ ትንሽ ቫልቭ መተካት ይቻላል። ስለዚህ ወላጆቻችንን ይዘን ስንሄድ «ይድናሉ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት ይውጣሉ? እንዴት ይናገራሉ?» ብለንም እንጠይቅ።

በሽታው ድምፅ አውታር ላይ ብቻ ሳለ ከተገኘ ጨረር ብቻውን ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉን ያድናል። ችግሩ መንገዱ ነው። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስትና ሰባት ሳምንት ይሰጣል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ ለዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። ለሐርቡ ገበሬ ይህ ማሳውን ትቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ቤት መከራየት ማለት ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ያለን ማረፊያ በመፈለግ ልንጀምር እንችላለን። አጫሽ ከሆኑም ሲጋራውን ከመነሳታቸው በፊት ያቁሙ፤ በጨረር ጊዜ ማጨስ የመዳን ዕድልን ይቀንሳል።