የተሰጠውን ወታደር ስላለመቁጠር

ቼዝ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ ደጋግሜ የታዘብሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ደቀ መዝሙሬ የንጉሥ ጋምቢትን በተማረ በማግሥቱ ወታደሩን በድፍረት ከሰጠ በኋላ፣ ዐይኑን ከሰሌዳው አንሥቶ ከባላጋራው ክርን አጠገብ ወደ ተጋደመው ምርኮኛ መላልሶ መመልከቱ ነው። እጁ ሰጥቷል፤ ልቡ ግን ገና አልሰጠም።

ጋምቢት የሚለው ስም እግር ጠልፎ መጣል ከሚል የኢጣልያ ቃል የወጣ ነው። ነጭ የንጉሡን ወታደር ወደ ኢ4 ሰድዶ ጥቁር በኢ5 ሲመልስለት፣ ሁለተኛውን ወታደር ያለ ጠባቂ በኤፍ4 ላይ ያቀርብለታል። ጥቁር ከበላው ወታደሩ ከመካከል ወደ ዳር ተሳበ ማለት ነውና፣ ነጭ በዲ4 መካከሉን ይወርሳል፤ ንጉሡንም አስጠልሎ፣ ግንቡን በተከፈተው መስመር የጥቁር ንጉሥ ብቻውን ወደሚጠብቃት ወደ ኤፍ7 ያነጣጥራል። ነገር ግን የገዛ ንጉሡም ደጅ ስለተከፈተ፣ የጥቁር ንግሥት በኤች4 ላይ ቆማ «ቼክ» የምትልበት መንገድ ተዘጋጅቶላታል።

በአገራችን ጥንታዊ ሰንጠረዥ፣ ወረራ በሚባለው መክፈቻ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠባበቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበርና ጊዜ የፈጣን እጅ ሀብት ነበረ። በዛሬው ቼዝ ግን ተራ የማይጣስ ሥርዓት ስለሆነ፣ ያን ጥድፊያ የሚሻ ሰው በወታደር ዋጋ ይገዛዋል። የገዛውም ጊዜ እንደ ጤዛ የሚረግፍ ነው።

ይህን ሳልረዳ፣ በወጣትነቴ በአንድ ውድድር ላይ የሰጠሁትን ወታደር ለማስመለስ ፈረሴንም ንግሥቴንም አባከንሁ፤ ወታደሩን አስመለስሁ፣ ጨዋታውን ግን ተሸነፍሁ። ቦቢ ፊሸር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960 በማር ዴል ፕላታ በዚሁ ጋምቢት በቦሪስ ስፓስኪ ተሸንፎ፣ በ1961 መክፈቻው የማያዋጣ መሆኑን የሚያትት ጽሑፍ ካሳተመ በኋላ፣ በ1963 በአሜሪካ ሻምፒዮና ራሱ ነጭ ሆኖ ተጫውቶት አሸንፎበታል፤ ዋጋውን አብጠርጥሮ ያወቀ ሰው ሲከፍል እጁ አይንቀጠቀጥምና።

ስለዚህ ልማዴ የተበላውን ወታደር ከጠረጴዛው አንሥቼ ኪሴ መክተት ሆኗል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንዲሁ ወታደሯን ሰጥታ፣ ባላጋራዋ የበላበትን ወታደር በጂ5 አጥብቆ ሲጠብቅ ዞር ብላ ሳታይ ፈረሷን አውጥታ፣ ንጉሧን አስጠልላ በጽኑ ተዋጋች፤ በፍጻሜው ግን ተሸነፈች። ጠጠሮቹን ወደ ሣጥኑ ስትመልስ ቆጠረች፤ እንደገናም ቆጠረች፤ ከዚያም ግራ ተጋብታ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ አንድ ወታደር ጎደለ።»