ፎቶው ይቀራል፣ ፈቃዱ ይሸጣል

በባንክ ብሮሹር ላይ እየሳቀ የሚጨባበጠው ነጋዴ የባንኩ ደንበኛ አይደለም። በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ሕፃን ያቀፈችው እናትም የሰፈሩን ሰው አታውቅም። ሁለቱንም ምናልባት ሌላ አገር ያለ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት አንስቷቸው፣ «ይፈለጉ ይሆናል» ብሎ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧቸው ነበር። ማስታወቂያውን የሠራው ዲዛይነር ፈልጎ አገኛቸው፣ ጥቂት ዶላር ከፈለ፣ ተጠቀመባቸው። ይህ ገበያ ስቶክ ፎቶ ይባላል። «በስልክህ አንሳ፣ ዶላር ቁጠር» የሚሉ ማስታወቂያዎች የሚያወሩት በአብዛኛው ስለዚሁ ገበያ ነው፤ አሠራሩን ግን እምብዛም አያስረዱም።

ምስልን አከማችቶ ማከራየት የኢንተርኔት ፈጠራ አይደለም። ኦቶ ቤትማን የተባለው ጀርመናዊ አይሁዳዊ በ1935 ከናዚዎች ሸሽቶ ኒው ዮርክ ሲገባ ሁለት ትልልቅ ሣጥን ሙሉ ፎቶና ፊልም ይዞ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማግስቱ ዓመት ያቋቋመው ቤትማን አርካይቭ ለጋዜጦችና ለመጻሕፍት አሳታሚዎች ምስል እያከራየ በዓለም ታዋቂ ሆነ። ለብዙ ዘመን ይህ ሥራ የባለሙያዎችና የትልልቅ ኤጀንሲዎች ብቻ ነበር፤ ለአንድ ፎቶ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር መክፈልም የተለመደ ነበር።

በሩን ለሁሉም የከፈተው በ2000 በካናዳ ካልጋሪ ከተማ ብሩስ ሊቪንግስተን የጀመረው አይስቶክፎቶ ነው። መጀመሪያ ዲዛይነሮች ምስል በነፃ የሚለዋወጡበት ቦታ ነበር፤ ኋላ ላይ በአነስተኛ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። በ2003 ደግሞ ጆን ኦሪንገር የሚባል ኒው ዮርካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ራሱ ካነሳቸው ፎቶዎች 30 ሺህ ያህሉን ጭኖ ሸተርስቶክን ከፈተ። ገዢው በወር ክፍያ የፈለገውን ያህል ምስል የሚያወርድበትን አሠራር ያስፋፋውም እሱ ነው። ለውጡ ባለሙያውን እንዴት እንደመታው ጋዜጠኛው ጄፍ ሃው በ2006 ዋየርድ መጽሔት ላይ ጽፎታል። ዋሽንግተን የሚገኝ አንድ የጤና ሙዚየም የታመሙ ሰዎች ፎቶ ፈልጎ ከአንድ ባለሙያ ጋር ተነጋገረ፤ ባለሙያው ዋጋውን ቀንሶ ለአንዱ ከ100 እስከ 150 ዶላር ጠየቀ። ሙዚየሙ ግን ተመሳሳዩን አይስቶክፎቶ ላይ በአንድ ዶላር ገደማ አገኘና ከዚያ ገዛ። በዚያው ዓመት ግዙፉ የፎቶ ኤጀንሲ ጌቲ ኢሜጅስ አይስቶክፎቶን በ50 ሚሊዮን ዶላር ጠቀለለው። በ2015 የሶፍትዌር ኩባንያው አዶቢ፣ ፎቶሊያ የተባለውን የስቶክ ፎቶ ተቋም በ800 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ አዶቢ ስቶክን አቋቋመ። ጌቲና ሸተርስቶክም በ2025 መጀመሪያ ላይ ለመዋሐድ መስማማታቸውን አስታወቁ።

ይህን ገበያ ለመረዳት አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እዚህ ፎቶው ራሱ አይሸጥም። ገዢው የሚከፍለው ለመጠቀሚያ ፈቃድ ነው፤ የቅጂ መብቱ ከአንሺው አይወጣም። ስለዚህ አንዱ ምስል ዛሬ ለስዊድን መጽሔት፣ ነገ ለናይሮቢ ማስታወቂያ ድርጅት፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ለአንድ ትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ ሊከራይ ይችላል። በልዩ ውል ራሱን ካላሰረ በቀር አንሺው ያንኑ ምስል አዶቢ ስቶክም፣ ሸተርስቶክም፣ አላሚም ላይ ማስቀመጥ ይችላል። የአንዱ ሽያጭ ዋጋ ለምን ትንሽ እንደሆነና ሥራው ለምን ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሚገባን ከዚህ ስንነሳ ነው።

ከካሜራ እስከ ገበያ ያለውን መንገድ በአንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። አንዲት ወጣት ቅዳሜ ከሰዓት አክስቷ ቡና ሲያፈሉ አነሳች እንበል። ረከቦቱ ተደርድሯል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ጀበናው ከሰል ላይ ነው፤ የዕጣኑ ጭስ በመስኮት በሚገባው ብርሃን ላይ ሲጠማዘዝ ይታያል። ፌስቡክ ላይ ቢወጣ አድናቆት ይዘንብለታል። የስቶክ ገምጋሚው ግን ሌላ ሌላውን ያያል። ከረከቦቱ ጎን ያለው የስኳር ፓኬት የፋብሪካ ስም ተጽፎበታል፤ ለንግድ ማስታወቂያ የሚውል ምስል የሌላ ድርጅት ስምና ሎጎ ሊታይበት አይገባም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕልም ሠዓሊው መብት ያለበት ሥራ ነው። ክፍሉ ጨለም ስላለ ካሜራው ብርሃን ለመሳብ ታግሎ ጥቁሩን ቦታ በነጠብጣብ ሞልቶታል፤ በስልኩ ስክሪን ባይታወቅም በሙሉ መጠኑ ሲከፈት ወለል ብሎ ይታያል። ትኩረቱ ጀበናው ላይ መሆን ሲገባው መጋረጃው ላይ አርፏል። ሸተርስቶክም ሆነ አዶቢ የሚጠይቁት ዝቅተኛ መጠን 4 ሜጋፒክስል ስለሆነ መጠኑን የአብዛኛው የአሁን ስልክ ካሜራ ያልፈዋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ከላይ በተዘረዘሩት ነው።

ከዚያ የሰው ጉዳይ ይመጣል። አክስትየው ፊታቸው ከታየ የፈቃድ ቅጽ መፈረም አለባቸው፤ ጥግ ላይ ፈንዲሻ የሚበላው የጎረቤት ልጅ ካለም ወላጁ ወይም አሳዳጊው ይፈርምለታል። ወጣቷ ቅጹን ከማስፈረሟ በፊት እንዲህ ብላ በግልጽ ብትነግራቸው ይበጃል፦ «አክስቴ፣ ይቺ ፎቶ የት አገር፣ በምን ማስታወቂያ ላይ እንደምትወጣ እኔም አላውቅም። እንደዚያም ሆኖ ይፈርሙልኛል?» ጥያቄው ቀልድ አይደለም። አንድራሽ አራቶ የሚባሉ ሃንጋሪያዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ለስቶክ ፎቶ ከተነሱ በኋላ ፊታቸው በዓለም ዙሪያ መሳቂያ ምስል ሆኖ ሲዞር ያዩት በአጋጣሚ ነበር፤ ሐኪም ሆነው የቀረቡበትም ቦታ አለ። እሳቸው ኋላ ላይ በጸጋ ተቀብለውት ዝናውን ወደ ሥራ ቀየሩት፤ ሁሉም ሰው ግን እንደሳቸው አይሆንም።

ፊርማ የሌለው ምስል ሁሉ ተጣለ ማለት አይደለም። ለዜናና ለትምህርት ብቻ በሚውለው ኤዲቶሪያል ክፍል ይገባል፤ ማስታወቂያ ላይ መዋል ግን አይችልም። የጥምቀት በዓል ሕዝብ፣ የመስቀል አደባባይ ደመራ፣ የመርካቶ ግርግር እዚህ ቦታ ያገኛሉ። ለኤዲቶሪያል የሚጻፈው መግለጫ ከተማውን፣ አገሩንና ቀኑን መያዝ አለበት፤ ቀኑም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ጥር 11 የተነሳውን ጃንዩወሪ 19 ብሎ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ በእነሱ ሠግር ዓመት ደግሞ 20። ከሰማይ ላይ ማንሳት ያሰበ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ድሮን ለማብረር ቅድሚያ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አይርሳ።

ምስሉ ግምገማውን ካለፈ በኋላ የሚወስነው ጽሑፉ ነው። ገዢው ፎቶውን ዞር ዞር ብሎ አያገኘውም፤ መፈለጊያው ላይ ቃል ጽፎ፣ አብዛኛውን ጊዜም በእንግሊዝኛ፣ ነው የሚፈልገው። ሸተርስቶክ ከ7 እስከ 50 ቁልፍ ቃላት ይቀበላል፤ አዶቢ ደግሞ ቅደም ተከተላቸውን ስለሚያይ ዋና ዋናዎቹ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ መግባት አለባቸው። ለቡናው ፎቶ ኢትዮጵያ፣ የቡና ሥርዓት፣ ጀበና፣ ዕጣን፣ ባህል፣ እንግዳ መቀበል የሚሉት በእንግሊዝኛ ይገባሉ። ፎቶው ላይ የሌለውን ነገር «ሰው ይበዛልኛል» ብሎ መጨመር ግን ምስሉን ያስጥላል፣ ሲደጋገምም አካውንቱን ያዘጋል።

ምን ይፈለጋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጀማሪዎችን ያስገርማል። የምትጠልቅ ፀሐይና የአበባ ፎቶ በሚሊዮኖች ተከማችቷል። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት የሚያዘጋጅ ዲዛይነር ግን የሐዋሳ ነርስ ታካሚ ስትመዘግብ፣ ሴት መሐንዲስ በግንባታ ቦታ፣ ነጋዴዋ በስልክ ክፍያ ስትቀበል፣ በገጠር ቤት ጣሪያ ላይ የተተከለ የሶላር ፓነል ይፈልጋል። በምስሉ አንድ በኩል ጽሑፍ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ቢተውለት ደግሞ ደስታው ነው። እንዲህ ያለው የዕለት ተዕለት ሕይወት ከውጭ ለሚመጣ ቱሪስት አይገጥምም፤ እዚያው ለሚኖር ሰው ግን በእጁ ያለ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አዶቢ ስቶክ ለፎቶ ከሽያጩ 33 በመቶ፣ ለቪዲዮ 35 በመቶ ለአንሺው ይሰጣል። ሸተርስቶክ ከ2020 ጀምሮ በደረጃ ይከፍላል፤ ጀማሪው 15 በመቶ፣ እጅግ ብዙ የሸጠው እስከ 40 በመቶ ያገኛል። ሁሉም ግን በየዓመቱ ጃንዩወሪ 1 ቀን ከአንደኛው ደረጃ እንደገና ይጀምራል። ለአንድ ውርድ ዝቅተኛው ክፍያ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ክፍያ ለመጠየቅ 25 ዶላር ሊሞላ ይገባል እንበልና በዝቅተኛው ሒሳብ ብንሄድ 250 ውርድ ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚህ ላይ የአሜሪካ ግብር አለ። አሜሪካዊ ያልሆነ አንሺ ዳብልዩ-8ቤን የተባለውን የግብር ቅጽ ይሞላል፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት አሜሪካ ውስጥ ካሉ ገዢዎች ከሚገኘው ድርሻ 30 በመቶው ይቆረጣል። ከሌላ አገር ገዢ የሚመጣው ግን በዚህ አይነካም። ገንዘቡን ለመቀበል ብዙ የኢትዮጵያ ፍሪላንሰሮች (ለተለያዩ ደንበኞች በግል የሚሠሩ ባለሙያዎች) ፔዮኒር የተባለውን የክፍያ አገልግሎት ይጠቀማሉ። ማንኛውንም ፎቶ ከመጫን በፊት ተቋሙ በምን መንገድ እንደሚከፍልና ያ መንገድ የሚኖሩበት አገር ድረስ መድረሱን ማረጋገጥ ይቀድማል፤ ዶላሩ አካውንት ውስጥ ተቆልፎ የሚያይ ሰው ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ ስቶክ ብቻውን የወር አስቤዛ አይሸፍንም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከሙያ ሽያጭ (ፍሪላንስ) ጋር አጣምረው ይይዙታል። ለስቶክ ሲባል የተለመደው የምስል እርማት፣ ከጀርባ ያለውን ነገር ማጥፋት፣ ቀለም ማስተካከል፣ ቁልፍ ቃል መጻፍ ራሱን ችሎ የሚሸጥ ሙያ ነው። ባለሙያውን ከደንበኛ ከሚያገናኙት ትልልቅ ገበያዎች ሁለቱን እንይ። ፋይቨር በ2010 እስራኤል ውስጥ ተመሠረተ፤ ባለሙያው የሚሠራውን ከነዋጋው ለጥፎ ደንበኛ ይጠብቃል፣ ከእያንዳንዱ ሥራ 20 በመቶ ለተቋሙ ይቀራል፤ በ5 ዶላር የተሸጠ ሥራ እጅ ላይ 4 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። አፕወርክ ደግሞ ኢላንስና ኦዴስክ የተባሉ ሁለት ተቋማት ተዋሕደው በ2015 የያዙት ስም ነው፤ እዚያ ደንበኛው ሥራ ያወጣል፣ ባለሙያዎች ይወዳደራሉ፣ ለማመልከትም ኮኔክት የሚባል በገንዘብ የሚገዛ ነጥብ ያወጣሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጉም፣ የድምፅ ንባብ፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ የቪዲዮ ስር ጽሑፍ ተጨማሪ በር ነው፤ በእነዚህ ሥራዎች ተፎካካሪው ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

አጭበርባሪውም እዚሁ ነው ያለው። ሥራ ለመስጠት «መጀመሪያ መመዝገቢያ ክፈል» የሚል፣ ከገበያው ውጭ በቴሌግራም ካልተነጋገርን የሚል፣ አካውንትህን አከራየኝ የሚል ሰው ደንበኛ አይደለም። የአካውንት ኪራይ በተለይ አደገኛ ነው፤ ተቋሞቹ ማንነትን በመታወቂያና በፊት ገጽታ ስለሚያጣሩ አካውንቱ ሲታገድ ውስጡ ያለው ገንዘብም አብሮ ሊያዝ ይችላል።

የቅርቡ ትልቅ ጥያቄ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ነው። ጌቲ በ2022 በማሽን የተፈጠሩ ምስሎችን አልቀበልም አለ፤ አዶቢ በዚያው ዓመት መጨረሻ ምልክት ተደርጎባቸው እንዲገቡ ፈቀደ፣ በ2023 ደግሞ በራሱ ክምችት የሠለጠነውን ፋየርፍላይን አወጣ፤ ምስላቸው ለሥልጠናው ለዋለ አንሺዎችም ጉርሻ ከፈለ። ማሽን ዛሬ ፈገግታ ያለውን ነጋዴና የቢሮ ጠረጴዛውን በሰከንድ ይሠራል፤ ከእንግዲህ እነዚህን ማንሳት ድካም ነው። ባለፈው መስከረም ደመራው ሲለኮስ እዚያ የነበረውን ሕዝብ ግን ማሽን አላየውም። ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ፈቃድ ይዞ የቀረበ ፎቶ ሐሰት ነው ተብሎ እምብዛም የማይጠረጠር በመሆኑ ለዜና ክፍሎችና ለአሳታሚዎች ዋጋው ይጨምራል።

በሚቀጥለው ወር ኪራይ የሚከፍልበት ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ከፍሪላንሱ ይጀምር፤ ሥራው ሲያልቅ ይከፈለዋል። ደሞዝ ያለውና ካሜራ የሚወድ ሰው ደግሞ በየሳምንቱ ጥቂት፣ ግን ገዢ የሚፈልጋቸውን ምስሎች እያነሳ ክምችቱን ያሳድግ። ሁለቱም ዋናውን ፋይልና የተፈረመበትን ቅጽ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። ተቋማት ይሸጣሉ፣ ይዋሐዳሉ፣ የክፍያ ደንባቸውን ይለውጣሉ፤ ፋይሉና ፊርማው በእጁ ያለ አንሺ ግን ያንኑ ምስል ወደ ሌላ ገበያ ወስዶ እንደገና ማከራየት ይችላል።