ሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት በአንድ ቤተሰብ እጅ፦ የሪክቪሩ የሁገል ወይን ቤት

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ አልዛስ በሚባለው አካባቢ፣ በግንብ የታጠረች ሪክቪር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በመሀሏ ካሉት አሮጌ ቤቶች በአንደኛው ምድር ቤት ውስጥ፣ ፈረንሳይን 72 ዓመት የገዛው ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በሞተበት በ1715 የተሠራ የኦክ እንጨት በርሜል ይገኛል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ ሳንት ካትሪን ነው። ከ8 ሺህ ሊትር በላይ ይይዛል፤ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ፊቱም በቅርጽ አጊጧል። ለጎብኚ ማሳያ ብቻ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ እስከ ዘመናችን ድረስ ወይን ሲጠራቀምበት የኖረ ዕቃ ነው። ጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብም እየሠሩ ካሉ የወይን በርሜሎች ሁሉ አንጋፋው መሆኑን መዝግቦለታል።

በርሜሉ ሲሠራ የሁገል ቤተሰብ በከተማይቱ ውስጥ ሰባ ስድስት ዓመት ኖሮ ነበር። ሐንስ ኡልሪክ ሁገል ሪክቪር ገብቶ የከተማው ሰው ሆኖ የተመዘገበው በ1639፣ የሠላሳው ዓመት ጦርነት ገና ሳይበርድ ነው። ጦርነቱ አልዛስን አራቁቷት ነበር፤ መንደሮች ባዶ ቀርተዋል፣ የወይን እርሻውም ጾሙን አድሯል። ሰው በጠፋበት ጊዜ የመጣው ሐንስ ኡልሪክ ብዙም ሳይቆይ የወይን አምራቾቹ ማኅበር ኃላፊ ሆነ። ልጁ በ1672 የቤተሰቡን ዓርማ ያስቀረጸበት ጥሩ ቤት ሠራ። ከዚያ በኋላ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ኖሮ ዛሬ አሥራ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ደርሷል። በዚህ ሁሉ ዘመን ቤቱ አልተሸጠም፣ ለባዕድም አልተላለፈም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አልዛስ ባለቤቷን ደጋግማ የቀየረች ምድር ናትና። በ1871 ጀርመን ወሰደቻት፣ በ1918 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች፣ በ1940 እንደገና ጀርመን ያዘቻት፣ በጦርነቱ ማብቂያ ዳግም ፈረንሳይ ሆነች። ከ1871 በፊት ተወልዶ እስከ 1945 የኖረ የሪክቪር ሰው ከቀዬው ሳይነቃነቅ ዜግነቱ አራት ጊዜ ተለዋውጦበታል። በመጀመሪያው የጀርመን ዘመን ከአልዛስ የሚፈለገው ርካሽ የጅምላ ወይን ነበር፤ ብዙ ገበሬም ብዙ ወደሚያፈሩ ተራ ዝርያዎች ዞረ። በዚያ ወቅት ቤቱን ይመራ የነበረው ፍሬደሪክ ኤሚል ሁገል ግን ጥሩ ዝርያዎችን አልለቅም ብሎ ጸና። በ1902 ዛሬም ሥራው ወደሚካሄድበት የከተማው መሀል የተዛወረው እሱ ነው።

የቤቱ 300ኛ ዓመት የዋለው በ1939 ነው። ያ ዓመት ለበዓል የሚሆን አልነበረም፤ በመስከረም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ናዚዎች አልዛስን እንደያዙ ፈረንሳይኛ መናገርን ከለከሉ፣ የከተሞችንና የሰዎችን ስም ሳይቀር ወደ ጀርመንኛ ለወጡ፤ ከ1942 ጀምሮም ከአልዛስና ከጎረቤቷ ሞዜል ወደ 130 ሺህ ወጣቶችን በግዳጅ ለጀርመን ጦር መለመሉ። በ1944 መጨረሻ የአሜሪካና የፈረንሳይ ጦር ሲደርስ በኮልማር ከተማ ዙሪያ በተደረገው ውጊያ የሪክቪር ጎረቤቶች ቤንቪርና ሚትልቪር ከመሬት ጋር ተስተካከሉ። ሪክቪር ተረፈች፤ በ1291 ከተሠራው የዶልደር ግንብ በር ጀምሮ አሮጌ ቤቶቿ ዛሬም እንደቆሙ ናቸው።

አሁን ወደ መሬቱ። ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ የቮዥ ተራሮች ስለሚያስቀሩት ኮልማርና አካባቢዋ ከፈረንሳይ ደረቅ ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በዓመት የሚያገኘው ወደ 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብቻ ነው። የወይን ፍሬ እስከ መኸር ወቅት መጨረሻ ድረስ ሳይበሰብስ ተክሉ ላይ መቆየት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ቤተሰቡ ሠላሳ ሄክታር ገደማ የራሱ እርሻ አለው፤ ከሌሎች ገበሬዎችም የወይን ፍሬ ይገዛል። ከከተማው ግንብ በላይ ያለው ሾኔንቡርግ የተባለ ቀጥ ያለ ተዳፋት ሪዝሊንግ ለሚባለው የወይን ዝርያ የተመደበ ነው። ስፖረን የተባለው ሸክላማ መሬት ደግሞ ጌቩርዝትራሚነር የሚባለው ዝርያ ቦታ ነው። ወይን ሲባል ቀዩ ለሚታሰበው አንባቢ መንገር የሚገባኝ ነገር ቢኖር፣ ከአልዛስ ወይን ከአሥር ዘጠኙ እጅ ነጭ መሆኑን ነው።

ዘለላው በእጅ ይለቀማል፣ ሳይፈረፈር እንዳለ ይጨመቃል። ለምርጦቹ ወይኖች ጭማቂው የሚፈላው በትልልቅ አሮጌ በርሜሎች ነው። የእነዚህን በርሜሎች ጥቅም ለመረዳት ውስጣቸውን ማየት ያሻል። ፊታቸው ላይ፣ ከታች በኩል፣ ጠባብ መዝጊያ አለ፤ በርሜሉ ባዶ ሲሆን ቀጠን ያለ ሰው በእሷ ሾልኮ ገብቶ ያጥበዋል። የእንጨቱ ግድግዳ ከወይኑ በወረደ የአሲድ ጨው፣ በሚያብረቀርቅ ጠንካራ ክሪስታል፣ ዳር እስከ ዳር ተለብጧል። እንጨቱ ወይኑን ስለማይነካው የኦክ ጣዕም አይገባበትም፤ ጠጪው የሚያገኘው የፍሬውንና የመሬቱን ጣዕም ብቻ ነው። አዲስ በርሜል እየገዛ ወይኑን በቫኒላ መዓዛ የሚሞላ አምራች በበዛበት ዘመን ይህ ቤት አሮጌውን ይዞ መቆየቱ ትክክል ይመስለኛል።

ይሁንና ሁገልን ከሌሎች የለየው ትልቁ ሥራ ስለ ዘግይቶ መልቀም ያስወጣው ሕግ ነው። ለቀማው በመስከረም አካባቢ ሲጀመር አምራቹ ጥቂት ዘለላዎችን ተክሉ ላይ ይተዋል። ፍሬው ቀስ በቀስ ውኃው እየተነነ ስኳሩና ጎምዛዛነቱ ይጠነክራሉ። ጠዋት ጭጋግ፣ ከሰዓት ፀሐይ ሲፈራረቅ ደግሞ ቦትሪቲስ የሚባል ሻጋታ ቆዳውን ይበሳዋል፤ ፍሬው ይጨማደዳል፣ ቡናማ ይሆናል፣ አመዳም ጸጉር ያበቅላል። ለዓይን የተበላሸ ፍሬ ነው፤ ጭማቂው ግን ማር ማር ይላል። አምራቹ በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያስበው ስለ ዝናብ፣ ስለ ውርጭና ስለ ወፍ ነው። የአንድ ሌሊት ዶፍ የወራቱን ጥበቃ ከንቱ ያደርገዋል፤ ቢሳካም እንኳ የሚገኘው ጭማቂ ከተለመደው እጅግ ያነሰ ነው።

ዘዴው በአልዛስ የቆየ ቢሆንም ደንብ አልነበረውም፤ ማንም በጠርሙሱ ላይ «ዘግይቶ የተለቀመ» ብሎ መጻፍ ይችል ነበር። በሙያው ዓለም ጆኒ እየተባለ የሚጠራው ዣን ሁገል (1924-2009) ይህን አልተቀበለም። የደንቡን ረቂቅ ጻፈ፣ ለዓመታት ሞገተ፣ በመጋቢት 1984 ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ሕጉ ለሁለት ዓይነት ወይን ነው፦ ቫንዳንዥ ታርዲቭ፣ ማለትም ዘግይቶ የተለቀመው፣ እና ሴሌክሲዮን ደ ግሬን ኖብል፣ ማለትም በዚያ ሻጋታ የተጨማደዱ ፍሬዎች እየተመረጡ የሚሠራው። ስኳር መጨመር ክልክል ነው፤ ፍሬው በእጅ መለቀም አለበት፤ ዝርያውና የምርት ዓመቱ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋሉ፤ አምራቹም አስቀድሞ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ ይኖርበታል። በፈረንሳይ ከዚህ የጠበቀ የወይን ደንብ ብዙም አይገኝም። ገበያ ሲፈቅድለት የኖረ አንድ ቤተሰብ ራሱን ጭምር የሚያስር ሕግ ለማውጣት መታገሉ፣ ለእኔ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስከብረው ተግባር ነው።

በዚያው ጽናት ቤቱ ለአሥርት ዓመታት «ግራን ክሩ» የሚለውን፣ ለተመረጡ የወይን መሬቶች የሚሰጠውን የማዕረግ ስም፣ በጠርሙሶቹ ላይ አላሰፈረም። ፍሬው ከሾኔንቡርግና ከስፖረን ሆኖ ሳለ እንዲህ ያደረገው፣ የግራን ክሩ ድንበሮች ከሚገባው በላይ ተለጥጠዋል ብሎ ስላመነ ነው። ከሾኔንቡርግ እምብርት በምትገኝ አንዲት ቁራሽ መሬት የሚያመርተው ሾልሐመር የተባለው ሪዝሊንግ ደግሞ የመጀመሪያ ምርቱ የ2007 ሲሆን ለገበያ የቀረበው በ2015 ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሳያስገኝ ምድር ቤት የተኛ ወይን ማለት ነው። በየሩብ ዓመቱ ለባለ አክሲዮኖች ትርፍ የሚቆጥር ድርጅት ይህን ለማድረግ ይከብደዋል፤ ለልጅ ልጁ የሚያስብ ቤት ግን ያደርገዋል።

አብዛኛው የሁገል ወይን የሚሸጠው ከፈረንሳይ ውጭ ስለሆነ ቢጫ መለያውን በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ታገኙት ይሆናል። ለመጀመር ዣንቲ የተባለውን ሞክሩ፤ የተለያዩ ዝርያዎችን የማዋሐድ የቆየ የአልዛስ ልማድ የቀጠለበት፣ ዋጋውም የማይከብድ ወይን ነው። ሪዝሊንጉ ደረቅ ነው፤ ከዓሣና ከዶሮ ጋር ይስማማል። ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚሸተው ጌቩርዝትራሚነር በርበሬና ቅመም የበዛበትን ምግብ ስለሚችል ከወጣችን ጋር መሞከሩ አይከፋም። ቫንዳንዥ ታርዲቭ ካገኛችሁ ግን ከምግብ ጋር አታጣድፉት፤ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ለብቻው በትንሽ ብርጭቆ ቅመሱት። ካልቸኮላችሁም ጠርሙሱን በጎኑ አጋድማችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፤ በደህና ዓመት የተለቀመው ሃያና ሠላሳ ዓመት ይቆያል።